ድቡ በረዶ ሲጠብቅ፦ ስለ ቸርችል ጉዞ የላካችኋቸው ጥያቄዎች

ባለፈው ስለ ቸርችል ሁለት አንቀጽ ብቻ ብጽፍ የጥያቄ መዓት መጣልኝ። ደስ ብሎኛል። ላላነበባችሁ፣ ቸርችል ካናዳ ውስጥ፣ በማኒቶባ ክፍለ ሀገር ሰሜናዊ ክፍል፣ ሀድሰን ቤይ የሚባለው ባሕር ዳር ያለች ከተማ ናት። በ2021 ቆጠራ ነዋሪዋ 870 ሰው ብቻ ነበር። እንዲህ ትንሽ ሆና የዋልታ ድብ፣ ነጩ ቤሉጋ ዓሣ ነባሪ እና ሌሊት ሰማይ ላይ የሚታየው የሰሜን ብርሃን ሦስቱም የሚታዩባት ቦታ ናት። ጥያቄዎቻችሁን አሳጥሬያቸዋለሁ። ወሩንም ዓመቱንም በፈረንጅ አቆጣጠር አድርጌዋለሁ፤ ትኬት የሚቆረጠው በዚያ ስለሆነ።

ጥያቄ፦ ድብም ቤሉጋም ማየት እፈልጋለሁ። ያለኝ የአንድ ሳምንት ፈቃድ ብቻ ነው። መቼ ልሂድ? (አንዲት አንባቢ፣ ከቶሮንቶ)

እህቴ፣ መጀመሪያ አንዱን ምረጪ። ቀኑ ከዚያ በኋላ ራሱ ይመጣል። ብዙ ሰው መጀመሪያ ፈቃዱን ይወስድና ኋላ እንስሳውን ይፈልጋል። ቸርችል ላይ ይሄ አይሠራም።

ቤሉጋዎቹ የሚመጡት በጁላይና በኦገስት ነው። በምዕራብ ሀድሰን ቤይ ከ50 ሺህ በላይ ቤሉጋ አለ። ከእነሱ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩት በእነዚህ ወራት የቸርችል ወንዝ ባሕር ወደሚገባበት ቦታ ይጎርፋሉ። ውሃው እዚያ ሞቅ ይላል፣ ዓሣም አለ። ግልገሎቹ ሲወለዱ ግራጫ ናቸው፤ ነጭ የሚሆኑት ዓመታት ቆይተው ነው። ስለዚህ ከነጮቹ እናቶች ጎን ለጎን የሚዋኙ ግራጫ ትንንሾችን ታያለሽ።

የድቡ ወቅት ደግሞ ኦክቶበር አጋማሽ ገደማ ጀምሮ ኖቬምበር ውስጥ ያበቃል። ምክንያቱን ብነግርሽ ቀኑን ራስሽ ታሰይዋለሽ። የዋልታ ድብ የሚያድነው የባሕር በረዶ ላይ ሆኖ ነው፤ ዋናው ምግቡ አቆስጣ ነው። በረዶው ጁላይ አካባቢ ሲቀልጥበት ወደ የብስ ይወጣል። ከዚያ ለወራት ይሄ ነው የሚባል ምግብ ሳያገኝ በሰውነቱ ስብ ይቆያል። የወንዙ ውሃ ጨው ስለሌለው ቶሎ ይረጋል፤ ስለዚህ ቸርችል አካባቢ በረዶ የሚይዘው ከብዙው የባሕሩ ዳርቻ ቀድሞ ነው። ድቦቹ ይህን ያውቃሉ። መጥተው ዳር ዳሩን ይጠብቃሉ። በረዶው ሲጠነክር በጥቂት ቀናት ውስጥ ሹልክ ብለው ይሄዳሉ። ኖቬምበር መጨረሻ ላይ የደረሰ ጎብኚ ባዶ ሜዳ ሊያገኝ ይችላል።

በአንድ ጉዞ ሁለቱንም ካልሽ፣ ኦገስት ላይ ሞክሪ። በዚያ ወር ድንጋይ ላይ የተኛ ድብ ከጀልባ ያዩ አሉ። ግን ዋስትና የለውም። እኔ ኦገስት ላይ ሄጄ ድብ ያየሁት አንዴ፣ ያውም በሩቁ ነው። ቤሉጋው ግን ሌላ ነገር ነው። ጀልባው ሞተሩን አጠፋ። የውሃ ውስጥ ማይክሮፎን ወደ ባሕሩ ተለቀቀ። ወዲያው ፉጨት፣ ጭርጭርታ፣ እንደ በር ሲጢጥ የሚል ድምፅ፣ ሁሉም በአንድ ላይ መጣ። የድሮ መርከበኞች ቤሉጋን በዘማሪዋ ወፍ ስም የባሕር ካናሪ ያሉት ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ እንባዋን ትጠርግ ነበር። ስለዚህ ምረጪ ብትይኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው የኔ ድምፅ ለበጋው ነው። ለትንኙ ግን ፊት የሚሸፍን መረብ ያዢ። አይጣል ነው።

ጥያቄ፦ ዊኒፔግ ነው የምኖረው። በራሴ መኪና ብነዳ ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ወንድሜ፣ መንገዱ ቸርችል አይደርስም። ከተማዋን ከሌላው የካናዳ ክፍል ጋር የሚያገናኝ የመኪና መንገድ የለም። ያሉት አውሮፕላንና ባቡር ናቸው።

አውሮፕላኑ ከዊኒፔግ ከሁለት ሰዓት ትንሽ በላይ ነው። ውድ ነው። ባቡሩ 1,700 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ሁለት ሌሊት መንገድ ላይ ያድራል። በሳምንት የሚነሳው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ቀስ ብሎ የሚሄድበት ምክንያት አለው። ከሐዲዱ ሥር ያለው መሬት ረግረግና ዓመቱን ሙሉ በረዶ ሆኖ የሚቆይ አፈር ነው። ላዩ ሲቀልጥ መሬቱ ይሰምጣል፣ ሐዲዱም ይወላገዳል። ስለዚህ ባቡሩ ቢዘገይ አይግረምህ።

መሃለኛው መንገድ ይሄ ነው። እስከ ቶምፕሰን ከተማ ድረስ በመኪናህ ንዳ። ከ750 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። መኪናውን እዚያ አቁመህ የአንድ ሌሊት ባቡር ትይዛለህ። ብዙ ማኒቶባውያን የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

አንድ ምክር አጥብቄ ልንገርህ። ከቸርችል በምትመለስበት ቀን ሌላ በረራ አትያዝ። ንፋስና ጭጋግ አውሮፕላን ያስቀራል፣ ባቡሩም በሰዓታት ይዘገያል። ቢያንስ አንድ ቀን ትርፍ ተው። ነዋሪዎቹማ ከዚህ የባሰ አይተዋል። በ2017 የጸደይ ጎርፍ ሐዲዱን በብዙ ቦታ ጠራርጎ ወሰደው። የመንገደኛው ባቡር የተመለሰው በዲሴምበር 2018 ነው። ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ምግቡም ዕቃውም በአውሮፕላንና በመርከብ ይገባ ነበር። ሱቅ ገብተህ ወተቱ ተወደደ ብለህ ከማማረርህ በፊት ይህን አስብ።

ጥያቄ፦ ከተማው ውስጥ በእግር መሄድ ይቻላል? እውነት ሰዎቹ መኪናቸውን አይቆልፉም?

እውነት ነው። ብዙዎቹ መኪናቸውንም ቤታቸውንም አይቆልፉም፤ መንገድ ላይ ድብ የገጠመው ሰው ዘሎ የሚገባበት እንዲያገኝ ነው።

ቀን ቀን በዋናው መንገድ መሄድ ትችላለህ። ግን ከከተማው ጫፍ ድቡ የተሳለበት የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ አለ። ያንን አትለፍ። የባሕሩ ዳር ድንጋዮች ሲታዩ ያምራሉ፤ ድቡ ግን ከድንጋዩ ኋላ ተኝቶ ላታየው ትችላለህ። በድቡ ወቅት ከጨለመ በኋላ በእግር አትውጣ። ምግብ ቤት እራት ላይ ከሆንክ ደውለው መኪና እንዲልኩልህ ጠይቅ። ማንም አይስቅብህም። የጎልማሳ ወንድ ድብ ክብደት ከ350 እስከ 600 ኪሎ ይደርሳል፣ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ሮጦ ማምለጥ የሚባል ነገር የለም።

አደጋ ደርሶ ያውቃል? አዎ። በ1968 እና በ1983 አንድ አንድ ሰው ሞቷል። በ2013 ደግሞ ሃሎዊን በሚባለው በዓል ሌሊት ሁለት ሰዎች ቆስለው ተርፈዋል። ለዘመናት ከድብ ጋር ለኖረች ከተማ ይህ ጥቂት ነው። ጥቂት የሆነው ግን በዕድል አይደለም። ክፍለ ሀገሩ የድብ ጥበቃ ቡድን አለው። ሰው ሲደውል መጥተው ድቡን በድምፅ ያባርሩታል። እምቢ ካለ በወጥመድ ይይዙትና ሕዝቡ የድብ እስር ቤት የሚለው ቦታ ያስገቡታል። 28 ክፍል አለው። እዚያ ውሃ እንጂ ምግብ አይሰጠውም፤ ከተማ መጥቶ መብላትን እንዳይለምድ። በኋላ በሄሊኮፕተር ወደ ሰሜን ይወስዱታል። የቆሻሻ መጣያውም ቢሆን ተዘግቶ ቆሻሻው በር ወዳለው ሕንፃ የገባው በዚሁ ምክንያት ነው። ልጆቹ በሃሎዊን ማታ ከቤት ቤት ሲዞሩ ጠባቂዎች በመኪና ይከቧቸዋል።

አንተም ድርሻህን ተወጣ። ምግብ ይዘህ አትዙር፣ የትም አትጣል። ድብ ካየህ ፎቶውን ተውና ቅርብህ ያለውን በር ክፈት።

ጥያቄ፦ ከቤሉጋ ጋር መዋኘት እችላለሁ?

አትችልም። የካናዳ ሕግ ይከለክላል። ጀልባም ቢሆን ወደ እነሱ መጠጋት የሚችልበት ርቀት ተወስኗል። ደስ የሚለው ቤሉጋዎቹ ይህን ሕግ አያውቁም። አንተ ዝም ብለህ ከቆምክ እነሱ ራሳቸው ሊያዩህ ይመጣሉ። ፍላጎቱ ከነሱ ሲመጣ ደግሞ ይበልጥ ያምራል።

ጥያቄ፦ እናቴ 72 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል። ድብ ማየት የሕይወቷ ምኞት ነው። ልውሰዳት ወይስ ይቅርብኝ?

ውሰዳት! ይህን ጥያቄ ሳነብ ልቤ ነው የተነካው።

ድቡን የምታዩት በእግር አይደለም። ሰው የሚጓዝበት መኪና የሰው ቁመት የሚያህል ጎማ ያለው፣ እንደ አውቶቡስ ሰፊ የሆነ ነው። ታንድራ በጊ ይሉታል። የሚገባበት ከፍ ካለ መድረክ ስለሆነ እናትህ ብዙ መሰላል መውጣት አያስፈልጋቸውም። ውስጡ ማሞቂያና ሽንት ቤት አለው። ከኋላው ደግሞ ቆመው የሚያዩበት በረንዳ አለ። ድቡ አንዳንዴ ከበረንዳው ሥር መጥቶ ቀና ብሎ ያሸትታል።

ሁለት ነገር ግን ላስጠንቅቅህ። አንደኛ፣ መንገዱ ያንገጫግጫል። ከፊት ወይም ከመሃል ወንበር አስይዝላቸው፤ ከኋላው ጎማ ላይ አይቀመጡ። ሁለተኛ፣ ጉብኝቱ ሙሉ ቀን ነው። ሁለት ቀን ተከታትሎ አታድርገው፤ በመሃሉ አንድ ቀን ይረፉ። መድኃኒታቸውንም ከሚበቃው በላይ ይዘህ ሂድ። ከተማው የጤና ተቋም አለው፤ ለከባድ ሕመም ግን ወደ ዊኒፔግ በአውሮፕላን ነው የሚወሰደው። ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪማቸውን አማክሩ።

ለድቡ ወቅት ቦታ ቶሎ ያልቃል። ብዙ ሰው ከዓመት በፊት ነው የሚያስይዘው። ዛሬ ደውል።

ጥያቄ፦ ብርዱ ምን ያህል ነው? ምን ልልበስ?

ኖቬምበር ላይ ከዜሮ በታች ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ብታገኝ የተለመደ ነው። ንፋሱ ሲጨመርበት ከዜሮ በታች 25 ይመስላል። ከውስጥ ሱፍ፣ ከላይ ንፋስ የማያስገባ። ጥጥ አትልበስ፤ ላብ ይይዝና ያቀዘቅዝሃል። ወፍራሙን ጃኬትና ጫማ የሚያከራዩ ወይም ከጉዞው ጋር የሚያውሱ አስጎብኚዎች ስላሉ ከመግዛትህ በፊት ጠይቅ። የስልክህ ባትሪ በብርድ ቶሎ ይሞታል፤ በውስጥ ኪስህ ያዘው።

ጥያቄ፦ የሰሜኑን ብርሃን ከድቡ ጋር አያይዤ ማየት እችላለሁ?

ዕድልህን መሞከር ትችላለህ። ግን በኖቬምበር ሰማዩ ብዙ ጊዜ ደመና ነው። ለብርሃኑ ብለህ ከሄድክ ፌብሩዋሪና ማርች ይሻላሉ። ብርዱ ከባድ ነው፤ ሰማዩ ግን ጥርት ይላል። በጁንና በጁላይ አትጠብቀው፤ ሌሊቱ አጭር ነው፣ በደንብም አይጨልም።

ጥያቄ፦ ድቦቹ እየጠፉ ነው ይባላል። ሄደን ማየታችን እነሱን አይጎዳም ወይ?

ይህን የጠየቀችው አንባቢ ገና ተማሪ ናት። ጥያቄዋን በጣም አከበርኩት።

እየቀነሱ ነው። የምዕራብ ሀድሰን ቤይ ድቦች በ1980ዎቹ 1,200 ገደማ ነበሩ። በ2016 ግምቱ 842 ሆነ። በ2021 ደግሞ 618። ባሕሩ ያለ በረዶ የሚቆይበት ጊዜ ከድሮው በሳምንታት ረዝሟል። ድቡ የሚጾምበት ጊዜም አብሮ ረዘመ። ከሁሉ የሚጎዱት እናቶችና ግልገሎች ናቸው። እርጉዝ እናት ዋሻ ገብታ የምትወልደው በምግብ እጦት ላይ ሆና ነው። ከቸርችል በስተደቡብ ምሥራቅ ያለው ዋፐስክ ብሔራዊ ፓርክ በ1996 የተቋቋመው ይህን የመውለጃ ቦታ ለመጠበቅ ነው። ዋፐስክ የአካባቢው ነባር ሕዝብ በሆኑት በክሪዎች ቋንቋ ነጭ ድብ ማለት ነው።

ጎብኚ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ማየቱ አይደለም ድቡን የሚጨርሰው፤ ባሕሩ መሞቁ ነው። የምንሄድበት አውሮፕላንም በዚያ ውስጥ ድርሻ አለው፣ ይህን አልክድም። ስለዚህ ከሄድሽ ለሁለት ሌሊት ብለሽ አትሂዪ። አንዴ ሄደሽ ረዘም አድርገሽ ቆዪ፣ ከቻልሽ በባቡር። ድቡን በምግብ የሚያባብል፣ ወይም ከተኛበት የሚቀሰቅስ አስጎብኚ ካገኘሽ ገንዘብሽን አትስጪው። ያን ሰዓት የተኛው ድብ ጉልበቱን እየቆጠበ ነው። ሲነሳና ሲሸሽ የሚያቃጥለው ስብ እስከ በረዶው የሚያደርሰው ስንቁ ነው።

ጥያቄ፦ ከእንስሳቱ ሌላ ምን አለ?

ብዙ አለ፤ ሰው ግን አያየውም። ከወንዙ ማዶ እንግሊዞች በ1731 የጀመሩት የድንጋይ ምሽግ አለ። ሠርተው እስኪጨርሱ 40 ዓመት ፈጀባቸው። በ1782 የፈረንሳይ መርከቦች ሲመጡ አንድ ጥይት ሳይተኮስ እጅ ሰጠ። በበጋ በጀልባ ትሻገራላችሁ። ከተማው ውስጥ ደግሞ ኢትሳኒታክ ሙዚየም አለ። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ግን ዋልረስ ከሚባለው የባሕር እንስሳ ዝሆን ጥርስ መሳይ ጥርስና ከድንጋይ የተቀረጹት፣ የሰሜኑ ነባር ሕዝብ የኢንዊት ሥራዎች በቀላሉ አያስወጧችሁም።

ስለ ሳዪሲ ዴኔ፣ ከአካባቢው ነባር ሕዝቦች ስለ አንዱ፣ ጠይቁ። በ1956 የካናዳ መንግሥት እነዚህን ካሪቡ የሚባለውን የሰሜን አጋዘን የሚያድኑ ሰዎች ከመሬታቸው አንስቶ ቸርችል ዳር አሰፈራቸው። ካሪቡውን እየጨረሱ ነው በሚል ነው። ቤትም ሥራም በቅጡ ሳያገኙ በችግር ብዙዎች አለቁ። የተረፉት በ1973 ወደ ታዱሌ ሐይቅ ሄደው አዲስ መንደር መሠረቱ። የካናዳ መንግሥት በይፋ ይቅርታ የጠየቀው በ2016 ነው። ከድቡ ቀናት ላይ ግማሽ ቀን ቀንሳችሁ ለሙዚየሙና ለዚህ ታሪክ ያዙ። አስጎብኚ ስትመርጡም ከአካባቢው ተወላጆች መሃል ፈልጉ፤ ክሪም ዴኔም ሜቲም አሉ።