ቅዳሜን ለሃርፐርስ ፌሪ ስጡልኝ

ዲሲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በሚቀጥለው የዕረፍት ቀናችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሃርፐርስ ፌሪ ሂዱ።

ኑሯችንን አውቀዋለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ሩጫ ነው። ብዙዎቻችን ሁለት ሥራ እንሠራለን። እንደ ምንም ዕረፍት ሲገኝ ደግሞ ልብስ ማጠብ አለ፣ አስቤዛ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ክርስትና አለ። እኔ አሜሪካ ከገባሁ 22 ዓመቴ ነው። የመጀመሪያዎቹን 10 ዓመታት ዲሲን ከሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ከቤልትዌይ ወጥቼ አገሩን አላየሁም። ልጆቼ ከፍ ከፍ ሲሉ ነው የነቃሁት። የሚያድጉበትን አገር ከስልክ ስክሪን በቀር አያውቁትም ነበር።

ሃርፐርስ ፌሪ ያለችው ዌስት ቨርጂኒያ ነው። ከዲሲ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው። የነዋሪዋ ቁጥር 300 አይሞላም፤ አንድ የእኛ ሠርግ ላይ ከዚያ በላይ ሰው ይገኛል። ፖቶማክና ሸናንዶዋ የሚባሉ ሁለት ወንዞች የሚገናኙበት ሹል መሬት ላይ፣ በተራሮች መሃል ተቀምጣለች። ከሜሪላንድ በኩል የምትመጡ ፍሬድሪክ ከተማ ላይ 340 የሚባለውን አውራ ጎዳና ትይዛላችሁ። ፖቶማክን ስትሻገሩ ቨርጂኒያ ናችሁ። ትንሽ ነድታችሁ ሸናንዶዋን ስትሻገሩ ዌስት ቨርጂኒያ ገባችሁ ማለት ነው። ይህንን አስቀድማችሁ ለልጆች ንገሯቸው፤ መስኮት ላይ ተለጥፈው ይጠብቁታል።

ባቡር ጣቢያ አላት፤ ግን ደርሶ መልስ ለሚፈልግ ሰው ሰዓቱ አይመችም። የተጓዦቹ ባቡር ጠዋት ሠራተኛ ወደ ዲሲ ያመጣል፣ ማታ ይመልሳል፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ አይሠራም። በመኪና ሂዱ። ከተማው ውስጥ ፓርኪንግ ለመፈለግ ግን አትድከሙ። ከ340 ወጣ ሲሉ የብሔራዊ ፓርኩ የእንግዳ መቀበያ አለ። እዚያ አቁማችሁ በፓርኩ አውቶቡስ ትወርዳላችሁ። መግቢያው ለአንድ መኪና 20 ዶላር ነው፤ ለአውቶቡሱ ሌላ አይከፈልም። አራተኛ ክፍል የሚማር ልጅ ካላችሁ ደግሞ ለብሔራዊ ፓርኮች የሚያገለግል የነፃ ፓስ ከኢንተርኔት አውጥታችሁ አትሙለት። በእሱ ፓስ አብራችሁት መኪና ውስጥ ያላችሁትም በነፃ ትገባላችሁ። ይህን የማያውቅ ወላጅ ብዙ ነው።

ማልዳችሁ ሂዱ። እኔ መጀመሪያ የሄድኩት ኦክቶበር ውስጥ፣ ቅጠሉ ቀይና ቢጫ በሆነበት ሰሞን፣ ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። መኪና ማቆሚያ አጥቼ ልጆቹን እንዳሳዘንኩ ተመለስኩ። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ብትደርሱ ግን ከተማው የእናንተ ነው።

ከአውቶቡስ ስትወርዱ የድንጋይና የጡብ ቤቶች፣ ጠባብ መንገድ፣ የአይስክሬም ሱቅ ታያላችሁ። ብዙ ሰው እዚያው ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል። እናንተ መጀመሪያ ወደ ቀይዋ ጡብ ቤት ሂዱ። ሦስት ትላልቅ በሮች አሏት፤ አናቷ ላይ ትንሽ ማማ አለ። ስታዩዋት እዚህ ግባ የምትባል አይደለችም። ድሮ እዚህ ከተማ የመንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ነበር፤ እሷ የፋብሪካው የእሳት ማጥፊያ ጋሪዎች ማስቀመጫ ነበረች።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 16 ቀን 1859 ማታ ጆን ብራውን የተባለ ነጭ ሰው ተከታዮቹን ይዞ ይህችን ከተማ ያዘ። 21 ተከታዮች ነበሩት፤ አምስቱ ጥቁሮች ናቸው። ሐሳቡ መሣሪያውን ወስዶ በባርነት የተያዙትን ማስታጠቅና ነፃ ማውጣት ነበር። አልተሳካለትም። ተከበበና እዚህች ቤት ውስጥ መሸገ። ሮበርት ሊ በተባለ የጦር መኮንን የሚመሩ የማሪን ወታደሮች ኦክቶበር 18 ቀን ጠዋት በሩን በመሰላል ደርምሰው ገቡ። ብራውን ተይዞ ዲሴምበር 2 ቀን እዚያው አጠገብ ቻርልስ ታውን ላይ ተሰቀለ። ከዓመት ተኩል በኋላ የእርስ በርስ ጦርነቱ ተነሳ።

ከአምስቱ ጥቁሮች የአንዱን ታሪክ ለልጆቻችሁ ለይታችሁ ንገሯቸው። ዴንጀርፊልድ ኒውቢ ይባላል። ባሪያ ሆኖ ተወልዶ ነፃ የወጣ ሰው ነው። ሚስቱ ሃሪየትና ልጆቹ ግን ቨርጂኒያ ውስጥ በባርነት ቀርተዋል። ጌታዋ ለሌላ ሳይሸጣት በፊት ገንዘብ አግኝቶ እንዲገዛት በደብዳቤ ትለምነው ነበር። ደብዳቤዎቿ ዛሬም ይነበባሉ። ከብራውን ሰዎች መጀመሪያ የሞተው እሱ ነው። የእኛ ነገር ከእነሱ መከራ ጋር አይተካከልም። ሆኖም ሚስቱንና ልጆቹን ለማምጣት ዓመታት ወረቀት የጠበቀ ሰው ይህን ሲሰማ ሆዱ ይባባል። የእኔ ባብቷል።

ከዚያ ደረጃውን ውጡ። ከዓለት የተጠረበ የድሮ ደረጃ ነው፤ ሲዘንብ ያንሸራትታል። የቤተ ክርስቲያን ጫማ አድርጋችሁ አትምጡ፤ ስኒከር ይሁን። መንገዱን ስትጨርሱ ጀፈርሰን ሮክ ላይ ትደርሳላችሁ። ኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ቶማስ ጀፈርሰን በ1783 እዚያ ቆሞ ባየው ነገር ተደንቆ፣ ይህን ለማየት አትላንቲክን መሻገር አያስቆጭም ብሎ ጽፏል። እኛ ተሻግረን መጥተን፣ ስንቶቻችን አላየነውም።

አትመለሱ፤ ወደ ላይ ቀጥሉ። ስቶረር ኮሌጅ የነበረበት ጊቢ እዚያ ነው። ከባርነት የወጡ ሰዎች እንዲማሩበት በ1867 የተከፈተ ትምህርት ቤት ነው፤ በ1955 ተዘጋ። ከባርነት አምልጦ የባርነት ተቃዋሚ የሆነው ፍሬድሪክ ዳግላስ በ1881 ስለ ጆን ብራውን የተናገረው እዚህ ነው። ብራውንን ከስሶ ያሰቀለው ዐቃቤ ሕግ በዚያን ዕለት መድረኩ ላይ ተቀምጦ ያዳምጥ ነበር። ኋላ የናይጄሪያ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት የሆነው ናምዲ አዚኪዌም በወጣትነቱ እዚህ ተምሯል። ከአፍሪካ ተነስቶ እዚህ ተራራ ላይ ደብተር ይዞ የተቀመጠ ልጅ ነበር ማለት ነው። ይህን ስነግረው ትልቁ ልጄ ሁለት ጊዜ አስደገመኝ።

አሁን ወደ ልቤ ልምጣ። ያቺ ቀይ ቤት ብዙ ተንከራታለች። በ1891 ፈርሳ ለ1893ቱ የቺካጎ ኤግዚቢሽን ተወሰደች። ስትመለስ መርፊ እርሻ በሚባል ቦታ ተተከለች። በ1906 ጥቁሩ ምሁር ዱ ቦይስና ለጥቁሮች እኩል መብት የሚታገለው የናያጋራ ንቅናቄ ሰዎች በስቶረር ኮሌጅ ተሰበሰቡ። አንድ ቀን ማለዳ ወደ እርሻው በእግራቸው ሄዱ። ሲደርሱ ቦታው የተቀደሰ ነው ብለው ጫማና ካልሲያቸውን አወለቁ። በባዶ እግራቸው ሣሩን ረግጠው፣ እየዘመሩ ቤቷን ዞሩ። ቤቷ አሁን ወደ ታች ከተማ ተመልሳለች፤ የቆመችበት መሠረት ግን መርፊ እርሻ ላይ አለ።

እናቴ ከደሴ የመጣች ጊዜ እዚያ ወሰድኳት። ዕድሜዋ ከ70 አልፏል፣ ጉልበቷ ያማታል። በዝግታ ሄድን። ሜዳ ነው፤ ሣርና ንፋስ፣ ከታች ሸናንዶዋ። ታሪኩን እንደ ነገሩ ተርጉሜ ነገርኳት። ጆን ብራውን ማን እንደሆነ እንኳ በቅጡ አልገባትም። ጫማ አወለቁ ስላት ግን ቀና ብላ አየችኝ። ነጠላዋን አስተካከለች፤ ትከሻዬን ይዛ ጎንበስ አለች። አንዱን ጫማ አወለቀች፣ ቀጥሎ ሌላውን። ጫማዎቿን አጋጥማ ሣሩ ዳር አስቀመጠች። ልጆቼ ሳይነገራቸው እንደ እሷ አደረጉ። ሳሩ ጤዛ ነበረው፤ ካልሲያቸውን በእጃቸው ይዘው ቆሙ።

ስለዚህ ወላጆቻችሁ ለጥየቃ ሲመጡ ሞል ለሞል ብቻ አታዙሯቸው።

ጉልበት ያላችሁ ወጣቶች ደግሞ ሜሪላንድ ሃይትስን ውጡ። የእግረኛውን ድልድይ ተሻግራችሁ ነው፤ ደርሶ መልሱ 7 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሆናል፣ ዳገቱ ያስተነፍሳል። አናቱ ላይ ስትደርሱ ከተማዋና ሁለቱ ወንዞች እግራችሁ ሥር ይታያሉ። ገደሉ አጥር የለውም፤ ለፎቶ ብላችሁ ጫፍ አትጠጉ። በሰኔና በሐምሌ ትላልቅ ሻንጣ ያዘሉ ሰዎች ታገኛላችሁ። ከጆርጂያ እስከ ሜይን 3,500 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄደው የአፓላቺያን መንገድ መሃል ከተማውን ስለሚያቋርጥ ነው። ሰላም በሏቸው፤ መጫወት ይወዳሉ።

አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብ። ወንዙ ሲያዩት የተኛ ይመስላል። አይደለም። ከሥር ድንጋይና ኃይለኛ ጅረት አለ፣ ሰው ይወስዳል። ልጅ እግሩን ልንከር ብሎ እንዳይገባ። በጎማ መንሳፈፍ ከፈለጋችሁ ሕይወት አድን ጃኬት ከሚሰጡ አስጎብኚዎች ጋር ብቻ።

ምግብ ይዛችሁ ሂዱ። ምግብ ቤቶቹ ጥቂት ናቸው፣ በጊዜም ይዘጋሉ። ለጾመኛ ደግሞ ምርጫው ትንሽ ነው። እኛ ሽሮ ፍርፍር በምሳ ዕቃ፣ ቡና በፔርሙስ እንይዛለን። እዚያ ገጠር ሰው ምን ይለን ይሆን ብላችሁ የምትሰጉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ከሁሉም አገር የሚመጣ ጎብኚ የሚበዛባት ከተማ ናት፤ እኔ በሄድኩባቸው ጊዜያት ሁሉ በሰላም ውዬ ነው የተመለስኩት።

ቡናውን ግን ቶሎ አትጨርሱት። ማምሻው ላይ ወንዞቹ የሚጋጠሙበት ጫፍ ላይ ተቀመጡና ያኔ ቅዱት። ማዶ ተራራው ውስጥ የባቡር ዋሻ አለ። መጀመሪያ ጩኸቱ ይሰማል፣ ቀጥሎ የዕቃ ባቡሩ ከዋሻው ወጥቶ ድልድዩ ላይ ይመጣል። የእኔዋ ትንሿ ፉርጎውን ጮክ ብላ ትቆጥራለች፤ ስትሳሳት አያቷ በአማርኛ ታርማታለች።