«ሁሉም ከንቱ ከሆነ ሥራ ለምን እገባለሁ?» ላልከው

ወንድሜ፣ ፈረንሳዊውን ጸሐፊ ካሙን ማንበብ ከጀመርክ ወዲህ ኮምቦልቻ ፋብሪካ መግባት አስጠልቶሃል። «ሕይወት ትርጉም ከሌላት ምን ያለፋኛል? ይሄ ነገር ከእምነቴ ጋርስ አይጋጭም ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል።

አንድ ነገር ላስቀድም። እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካለህ፣ መኖር ራሱ ካስጠላህ፣ ይሄ የመጽሐፍ ጉዳይ አይደለም። ለምታምነው ሰው ንገር፣ ሐኪም አማክር። እንደዚያ ካልሆነ እንቀጥል።

ካሙ እ.ኤ.አ. በ1942 ባወጣው የሲሲፈስ መጽሐፉ የሚነሳው «መኖር ያዋጣል ወይ?» ከሚል ጥያቄ ነው። መልሱ ታዲያ «ኑር» ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያውን ያነብና ዘግቶት ጨለመብኝ ይላል። ሰው ምክንያት ይጠይቃል፣ ዓለም ዝም ትላለች። ካሙ አብሰርድ (ከንቱነት) የሚለው የእነዚህን የሁለቱን መፋጠጥ ነው፤ ዓለምን ብቻዋን ወይም ሰውን ብቻውን አይደለም።

ሲሲፈስ አማልክት የፈረዱበት ሰው ነው። ድንጋይ እየገፋ ተራራ ጫፍ ያደርሳል፣ ድንጋዩ ተመልሶ ይንከባለላል። ካሙን የሚስበው ሰውዬው ድንጋዩን ሊያነሳ ባዶ እጁን ሲወርድ ነው፤ ያኔ ዕጣውን ያውቀዋልና። እኔ ደሴ እየኖርኩ ኮምቦልቻ በምሠራበት ጊዜ በመሃል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት በሚኒባስ ስወርድ ሲሲፈስን አስብ ነበር። የእኛ እንኳ ግልብጥ ነው፤ ቁልቁለቱ ጠዋት፣ ዳገቱ ማታ! ግን ያቺ የመንገድ ሰዓት የራሴ ነበረች። አለቃም ማሽንም የለባትም። ካሙ የገባኝ ያኔ ነው። ሥራው አልተቀየረም፣ እኔ ግን ሥራዬ ብቻ አልነበርኩም።

ስለ እምነትህ አትስጋ። ሰዎች ካሙን የሚመድቡበት የኤግዚስቴንሺያሊዝም (በሰው ህልውናና ምርጫ ላይ የሚያተኩር ፍልስፍና) አባት የሚባለው ኪርክጋርድ የዴንማርክ ሰው ነው፣ አጥባቂ ክርስቲያን። በ1843 የጻፈው ስለ አብርሃም መሥዋዕት ነው፤ በዓረፋ የምናስበውን ታሪክ ማለት ነው። ደሴ ከጓደኞቼ ጋር ቡና ላይ ስናወራው ግማሹ «ልጁ እስማኤል ነው»፣ ግማሹ «ይስሐቅ ነው» ብሎ ተነሳ። በረካው ደርሶም ወደ ኪርክጋርድ አልተመለስንም። ወሎ እኮ ነው! የኪርክጋርድ ጉዳይ ግን ሌላ ነበር። አብርሃም የታዘዘውን ለማንም ማስረዳት አይችልም፤ ብቻውን ነው። ለእኔ ከሁሉም የከበደኝ ይሄ ነው፣ ከካሙም ይበልጥ።

ሌላው የዚህ ፍልስፍና ሰው፣ ፈረንሳዊው ሳርተር፣ አምላክ የለም ባይ ነው። እሱን ለመቅመስ የ1945ቱ ንግግሩ ይበቃሃል። ወረቀት መቁረጫ ቢላ ከመሠራቱ በፊት ዓላማው ይታወቃል፤ ሰው ግን መጀመሪያ ይገኛል፣ ከዚያ በሚያደርገው ራሱን ይሠራል ይላል። ትልቁን የ1943 መጽሐፉን ለጊዜው ተወው። ካሙን ደግሞ ከእሱ ጋር አትጨፍልቀው። እኔ ኤግዚስቴንሺያሊስት አይደለሁም ብሏል፣ በ1952 ተኳርፈዋል።

አሁን ሲሲፈስን አስቀምጠውና የካሙን የ1947 ልቦለድ አንብብ፣ ኦራን ከተማ ስለገባው ወረርሽኝ የሚተርከውን። እኔ ያነበብኩት በኮሮና ሰሞን ነው። ሐኪሙ ሪዩ የሕይወት ትርጉም እስኪገለጥለት አይጠብቅም፤ በሽተኛ አለ፣ ያክማል። አንተም ከእሱ ብትጀምር ኖሮ ሥራ ባላስጠላህ ነበር ብዬ እገምታለሁ።