ባስ ጀልባ ለሐዋሳ ሐይቅ ያዋጣል?

የአንባቢ ጥያቄ

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው እዚሁ ሐዋሳ፣ ሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ ነው። ሥራዬ ባንክ ቤት ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ግን ዓሣ ማጥመድ እወዳለሁ። እስካሁን ከዳር ሆኜ ወይም ጀልባ ተከራይቼ ነበር። አሁን የራሴን ልገዛ ቆርጫለሁ። አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅ የባስ ጀልባ ቪዲዮ እየላከ ልቤን ሰቅሎታል፤ ‹ያገለገለ ፈልጌ ልላክልህ› ይለኛል። እዚህ ደግሞ አንድ ደላላ 4 ሜትር ከ20 የሚሆን የፋይበር ጀልባ ከ15 የፈረስ ጉልበት ሞተር ጋር አሳይቶኛል። ባለቤቴና ሁለት ልጆቼም አንዳንዴ አብረውኝ ይወጣሉ። የትኛው ይሻለኛል? ሳልሸወድስ እንዴት ልግዛ?»

መልስ

ወንድሜ፣ የዚያ ቪዲዮ ነገር ይገባኛል። የሚያብረቀርቅ ቀለም፣ ኋላው ላይ 250 የፈረስ ጉልበት ሞተር፣ ፊቱ ላይ ቆሞ መንጠቆ የሚወረውር ሰው። ማን ይጠላል? ግን ጀልባ ሲመረጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው ለየትኛው ዓሣና ለየትኛው ውኃ እንደሆነ ነው። ባስ ጀልባ ለባስ የተሠራ ነው። እኛ ሐይቅ ውስጥ ያሉት ቆሮሶ፣ አምባዛና ቢልጫ ናቸው።

ባስ የሰሜን አሜሪካ ዓሣ ነው። ጥልቀት በሌለው ውኃ ሣር ውስጥ ወይም የወደቀ ግንድ ሥር አድፍጦ ያድናል። ስለዚህ አጥማጁ ኮሽታ ሳያሰማ መጠጋት አለበት። ጀልባው ፊት ላይ ያለችው በባትሪ የምትሠራ ትንሽ ሞተር ለዚህ ናት። ቆሞ ስለሚወረውር ወለሉ ከፍ ብሎ ጠፍጣፋ ሆኗል፤ ጎኑ ደግሞ ዝቅ ያለ ነው። በ1948 እ.ኤ.አ. ሉዊዚያና ውስጥ ሆልምስ ተርመንድ የሚባል ሰው የሠራት ስኪተር የመጀመሪያዋ ባስ ጀልባ ትባላለች። በኋላ የዓሣ ማጥመድ ውድድር ሲደራ ሞተሩም አብሮ አደገ፤ ጥሩ ቦታ ላይ ቀድሞ የደረሰ ይጠቀማላ! ውድድሩ ላይ ዓሣው በሕይወት ተመዝኖ ወደ ሐይቁ ስለሚመለስ ጀልባው ውኃ የሚዘዋወርበት ሣጥን አለው። ይህን የመመዘንና የመልቀቅ ነገር ለአሞራ ገደል፣ ለዓሣ ገበያችን ሰው ብትነግረው ይስቅብሃል።

አሁን ይህን ሁሉ ወደ እኛ አምጣው። የሐዋሳ ሐይቅ ስፋቱ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ረጅሙ ጎኑ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለሚበር ጀልባ 10 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። በዚያ ላይ አጥማጆቹ ማታ ዘርግተው ንጋት ላይ የሚሰበስቡት መረብ አለ። በፍጥነት ካለፍክበት ፕሮፔለርህ የሰው እንጀራ ቆርጦ ይጠመጠምበታል። ዳር ዳሩን ደግሞ ጉማሬ አለ፤ ከእሱ ጋር እሽቅድምድም አያስፈልግህም። ዓሣውንም ወደ ቤትህ ልትወስደው እንጂ ልትለቀው አይደለም፤ በረዶ የያዘ ሣጥን ይበቃሃል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ንፋሱ ነው። ጠዋት ሐይቁ ረግቶ ታገኘዋለህ። ከሰዓት በኋላ ንፋስ ሲነሣ ማዕበሉ አጭርና ተደራራቢ ነው። ጎኑ ዝቅ ያለ ጀልባ ያን ጊዜ ውኃ ይቀዳል። ልጆች ይዘህ አሞራ ገደል ለመድረስ እየታገልክ ስለ ወለሉ ማማር አታስብም። ይህ ሁሉ እያለ ከጂቡቲ ወዲህ ማጓጓዣና ቀረጥ ከፍለህ፣ መለዋወጫው የማይገኝ ትልቅ ሞተር ማምጣት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

የአክስትህ ልጅ ማገዝ ከፈለገ ያቺን የባትሪ ሞተር ለብቻዋ ይላክልህ። ባለ 12 ቮልቷ ለትንሽ ጀልባ ትበቃለች፤ ዓሣ ሳታስበረግግ ዳር ዳሩን ትሄድባታለህ። 55 ፓውንድ የምትገፋው በሙሉ ኃይሏ ወደ 50 አምፔር ትወስዳለች፤ ባለ 100 አምፔር-ሰዓት ባትሪ በሁለት ሰዓት ይራገፋል ማለት ነው። ቀስ ብለህ ከነዳሃት ብዙ ትቆያለች። የመኪና ባትሪ ግን አታድርግላት። የመኪናው ለማስነሣት እንጂ ተራግፎ ተራግፎ ለመሞላት አልተሠራም።

ወደ ደላላው ጀልባ እንምጣ። ርዝመቱ ደህና ነው። ስንት ሰው እንደሚችል ለማወቅ ርዝመቱን በወርዱ አባዛና ለ1.4 አካፍለው። ወርዱ 1 ሜትር ተኩል ከሆነ 4.5 ይመጣል። ግማሽ ሰው ስለሌለ 4 ነው፤ እናንተው ሞላችሁት ማለት ነው። ጓደኛ መጨመር የለም። የበረዶ ሣጥኑ፣ መልሕቁና የቤንዚኑ ጀሪካንም ኪሎ አላቸው። ሁላችሁም ተቀምጣችሁበት ከውኃው እስከ ጠርዙ ዝቅተኛው ቦታ ላይ 40 ሴንቲ ሜትር ካልቀረ እኔ አልገዛውም።

ፋይበር መሆኑ ክፋት የለውም፤ ቢሰነጠቅ እዚሁ ይጠገናል። አሉሚኒየም ቀላልና ጠንካራ ነው፤ ሲቀደድ ግን በአርጎን የሚበይድ ሰው ፍለጋ ትንከራተታለህ። የእንጨቱም ለሚንከባከበው ሰው ጥሩ ነው፤ ቅዳሜን ጠብቆ ለሚመጣ የባንክ ሠራተኛ ግን አይሆንም።

አሁን ዋናው ምርመራ። ቀለሙን ተወው፤ ቀለም የሚቀባው ለአንተ ነው። ሞተሩ የሚታሰርበትን የኋላ ግድግዳ ተመልከት። ብዙ ፋይበር ጀልባ እዚያ ግድግዳ ውስጥ ፕላይውድ አለው፤ በብሎን ቀዳዳ ውኃ ይገባና ውስጥ ለውስጥ ይበሰብሳል። ከውጭ ምንም አይታይም። የመዶሻ እጀታ ያዝና ከጥግ እስከ ጥግ ቀስ እያልክ አንኳኳው። ደህናው ቦታ ጥርት ብሎ ይጮኻል። የበሰበሰው ድምፁ ይታፈናል፤ እጅህ ላይም የመለስለስ ነገር ይሰማሃል። ብሎኖቹ ዙሪያ ቡናማ እድፍ ወርዶ ካየህ ጆሮህን እዚያ ላይ አብዛ። ከዚያ ሞተሩን ወደ ላይ አንሣና የታችኛውን ጫፍ ይዘህ በክብደትህ ጫን ጫን አድርገው። ግድግዳው ከተነቃነቀ አመስግነህ ሂድ። ደላላው «እሱ ቀላል ነው፣ ይሠራል» ይልሃል። እንዳለውም ይሠራል፤ ግን ወጪው ግማሽ ጀልባ ነው።

ወለሉንም ጫማህን አውልቀህ ሂድበት። የሚሰምጥ ቦታ በባዶ እግር ቶሎ ይታወቃል።

ሞተሩን ስታይ ለባለቤቱ አስቀድመህ «እኔ ሳልመጣ እንዳታስነሣው» በለው። ስትደርስ በእጅህ ንካው፤ ከሞቀ የሚደብቅህ ነገር አለ። በቀዝቃዛው መነሣት አለበት፣ ውኃ ውስጥ ሆኖ። ያለ ውኃ የተነሣ ሞተር ማቀዝቀዣ ውኃ የሚስበውን የፓምፑን ጎማ ይጨርሰዋል። እንደተነሣ ከጎኑ በትንሿ ቀዳዳ ውኃ መትፋት አለበት። ካልተፋ አጥፋው። ካንዴላዎቹን ፈትተህ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሮቹ ውስጥ ያለውን ግፊት አስለካ፤ ሁለቱ ሲሊንደሮች ከ10 በመቶ በላይ ከተለያዩ አትግዛ። ታች ያለችውን የማርሽ ዘይት ብሎን ትንሽ ላላ አድርግና ጠብታዋን እይ። ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል።

ርዝመቱም ይለካ። ሞተር አጭርና ረጅም አለው፤ አጭሩ ለ38፣ ረጅሙ ለ51 ሴንቲ ሜትር ግድግዳ ነው። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለችው ጠፍጣፋ ብረት ከጀልባው ሆድ ጋር ትክክል ወይም ትንሽ ዝቅ ብላ መዋል አለባት። አጭር ሞተር ረጅም ግድግዳ ላይ ካሠሩት አየር እየጠጣ ይጮኻል እንጂ አይገፋም።

15 ፈረስ ጉልበት ይበቃል ወይ? ይበቃል፤ ግን 15 አታገኝም። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,690 ሜትር ላይ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ እዚህ ሲደርስ 13 እንኳ አይሞላም። ለባሕር ጠረፍ የተስተካከለ ካርቡሬተር ደግሞ እዚህ ቤንዚን አብዝቶ ይጠጣል፣ ያጨሳል፣ ካንዴላ ያጠቁራል። ሰው «ሞተሩ አርጅቷል» ብሎ የሚሸጠው አንዳንዴ ይኸው ነው። መካኒክህ ጠበብ ያለ ጄት፣ ማለትም ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍባትን ቀዳዳ፣ ያድርግለት፤ ፕሮፔለሩንም በአንድ ኢንች ባነሰ ፒች (በአንድ ዙር ወደፊት የሚሄደው ርቀት ነው) ቢቀይርልህ ጀልባው ከነቤተሰቡ ቶሎ ይነሣል።

ቱ ስትሮክ ከሆነ ዘይትና ቤንዚን ትቀላቅላለህ። አብዛኞቹ 1 ለ50 ናቸው፤ ለ20 ሊትር ጀሪካን 400 ሚሊ ሊትር ዘይት ማለት ነው። መመሪያውን ግን እይ። ዘይቱ ቲሲ ደብሊው 3 የሚል የጀልባ ዘይት ይሁን። የሞተር ሳይክል ዘይት «ያው ነው» የሚልህ ሰው ካለ በእሱ ሞተር ይሞክረው። ፎር ስትሮክ ዝም ያለ ነው፣ ቤንዚንም ይቆጥባል፤ ክብደቱና ዋጋው ግን ከፍ ይላል። ቤንዚን ወረፋ በሆነበት ጊዜ ቁጠባው ቀላል ነገር አይደለም።

ሁሉንም አልፎ ከወደድከው ሙከራው ከሰዓት በኋላ ይሁን። ደላላ ጠዋት ይወዳል፣ ሐይቁ ስለሚያሳምርለት። አንተ ንፋሱ ሲነሣ ሦስት ጓደኞችህን ጭነህ ውጣ። ሁለታችሁ ባንድ ጎን ቁሙ፣ ምን ያህል እንደሚያጋድል እዩ። መቅዘፊያውም ይሞከር። ሞተር ሁሌ ሩቅ ሄዶ ነው የሚጠፋው፤ በመቅዘፊያ የማይታዘዝ ጀልባ ያን ጊዜ ያስለቅሳል።

ወረቀት ላይ አትቸኩል። የሞተሩ ቁጥር ከሻጩ ሰነድ ጋር አንድ ይሁን። ዓሣ ማስገር በፈቃድ ነው፣ አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቶለታል። ለመዝናኛ ነው ብለህ አትዝለለው፤ ከመግዛትህ በፊት የዓሣ ሀብት ባለሙያዎቹንም፣ የጀልባ ምዝገባ የሚመለከታቸውንም ጠይቅ። አጥማጆቹንም ሻይ ጋብዛቸው። መረባቸው የት የት እንደሚዘረጋ የሚነግርህ ካርታ የለም፣ እነሱ ናቸው።

ካለህ ገንዘብ ሩቡን ለጀልባው አትንካው። ላይፍ ጃኬት፣ መልሕቅና ገመድ፣ የፓምፕ ጎማ፣ ትርፍ ካንዴላ ከዚያ ይወጣል። የልጆቹ ላይፍ ጃኬት በልካቸው ይገዛ፤ «ያድጉበታል» ብለህ ሰፊ ብታለብሳቸው ውኃ ውስጥ ባንገታቸው ይወጣል። የሞተሩን ማጥፊያ ገመድ ደግሞ እጅህ ላይ እሰረው። አብዛኛው ሰው ጀልባው ላይ አንጠልጥሎ ይተወዋል፤ ከወደቀ ጀልባው ጥሎት ይሄዳል።

ከአዳማ ለመጣችው አጭር ጥያቄ

አንዲት እናት «ባለቤቴ ቆቃ ላይ ሊያጠምድበት ተመሳሳይ ጀልባ አይቷል፤ የተለየ ነገር አለው?» ብለዋል።

አለው እኅቴ፤ እምቦጩ። ቆቃ በ1960 እ.ኤ.አ. በተሠራ ግድብ የተፈጠረ ሐይቅ ነው፤ እምቦጭ ከያዘውም ቆይቷል። ሥሩ ፕሮፔለር ላይ ይጠመጠማል፣ ሞተሩ ማቀዝቀዣ ውኃ የሚስብበትንም ቀዳዳ ይደፍናል። ባለቤትዎ ውኃ የምትተፋውን ቀዳዳ ዐይናቸው አይለያት። መትፋት ካቆመች ሞተሩን አጥፍተው፣ አንሥተው፣ ሣሩን በዱላ ያላቁት። እጃቸውን ውኃ ውስጥ ከትተው እንዳይጎረጉሩ፤ እዚያ አዞ አለ። ጀልባውን ወደ ሌላ ሐይቅ ከወሰዱት ደግሞ አስቀድመው ከታች እስከ ላይ ጠራርገው ያድርቁት፤ ተጎታቹንም ጭምር። ቁራጭ እምቦጭ ይበቃል፣ ሌላ ሐይቅ ገብቶ ይራባል።