ስለ ኤፍፒኤስ ጀማሪዎች ጠይቁኝ፤ ከሜዝ ዋር እስከ ዱም

ሰላም ወገኖች። ዛሬ ማታ ስለ ቀደምቶቹ ኤፍፒኤስ ጌሞች፣ ማለትም በተኳሹ ዓይን እያያችሁ ስለምትጫወቷቸው የተኩስ ጌሞች፣ እመልሳለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው። «የመጀመሪያው» የምትል ቃል ስትጽፉ የምኑ የመጀመሪያ እንደሆነ ጨምሩበት።

ናቲ፦ ጋሼ፣ የመጀመሪያው ጌም የቱ ነው?

መልስ፦ የምኑ? አሁን አሳሰብኩ እኮ። በጠባብ መተላለፊያ እየዞሩ እርስ በርስ መተኳኮስ ከሆነ ሜዝ ዋር ነው። ስቲቭ ኮሊ፣ ሃዋርድ ፓልመርና ግሬግ ቶምፕሰን በ1973 አካባቢ በናሳ ኤምስ የምርምር ማዕከል፣ ኢምላክ በተባለ ኮምፒውተር ላይ ሠሩት። ሁለት ማሽን በገመድ አገናኝተው ይጫወቱ ነበር። ቶምፕሰን በኋላ ወደ ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ይዞት ሄደ፤ እዚያም የተጫዋቹ ቁጥር ጨመረ።

ቤቲ፦ ስፓሲምስ? እሱ ይቀድማል ሲሉ ሰምቻለሁ።

ሳሚ፦ ስፓሲም እኮ የጠፈር መርከብ መንዳት ነው! በእግር የምትሄጅበት የታለ?

ቤቲ፦ በዓይንህ እያየህ እስከተኮስክ ድረስ እግር ምን ያደርጋል?

መልስ፦ ጂም ባወሪ ስፓሲምን በ1974 ፕላቶ በተባለ የተገናኙ ኮምፒውተሮች ሥርዓት ላይ አወጣው፤ 32 ሰው ያጫውታል። ሁለቱም የአንድ ዘመን ሥራዎች ናቸው። የምኑ የመጀመሪያ እንደሆነ ካልለያችሁ ክርክሩ አያልቅም።

ዮናስ፦ ኢድ ሶፍትዌር የሠራቸው ዎልፍንስታይንና ዱም ሁለቱም ሥዕላቸው ሬይካስቲንግ ነው አይደል?

መልስ፦ ዱም አይደለም! ይሄን ስሕተት በየቦታው ስለማየው ረዘም አድርጌ ልጻፍ። የ1992ቱ ዎልፍንስታይን ካርታው 64 በ64 የሆነ የካሬ ሰሌዳ ነው። ለእያንዳንዱ የስክሪን ቋሚ መስመር ከተጫዋቹ ዓይን አንድ ጨረር ይነሣና ግድግዳ እስኪነካ ይሄዳል፤ ሬይካስቲንግ ማለት ይሄ ነው። ርቀቱ ሲታወቅ የግድግዳው ቁመት ይታወቃል። ለዚህ ነው ግድግዳው ሁሉ እኩል ቁመት ያለው፤ ደረጃ የሌለውም ለዚህ ነው። ዱም (ዲሴምበር 1993) ግን ግድግዳው በፈለገው ማዕዘን ይቆማል፣ ወለሉ ከፍ ዝቅ ይላል። ካርታው ጌሙ ከመከፈቱ በፊት ተቆራርጦ ቢኤስፒ በሚባል ዛፍ፣ ማለትም እንደ ቅርንጫፍ ሁለት ሁለት እየተከፈለ በሚወርድ የመረጃ አደረጃጀት፣ ይቀመጣል። ስትጫወት ፕሮግራሙ ዛፉን ከቆምክበት ተነሥቶ ሲከተል የትኛው ግድግዳ ቅርብ፣ የትኛው ሩቅ እንደሆነ በቅደም ተከተል ያገኘዋል። ከቅርቡ ጀምሮ ይሥላል፤ በግድግዳ የተሸፈነውን መስመር ዳግም አይነካም። ሐሳቡን ፉክስ፣ ኬደምና ኔይለር በ1980 ጽፈውታል። የኢድ ሶፍትዌር ፕሮግራመር ጆን ካርማክ ደግሞ ያንን የምሁራን ጽሑፍ ቤት ውስጥ ባለ 386 ኮምፒውተር ላይ አስኬደው። እኔ ትልቅነቱን የማየው እዚህ ላይ ነው።

ሀና፦ ሁለቱ ካርማኮች ወንድማማቾች ናቸው?

መልስ፦ አይደሉም። ጆን ፕሮግራመር፣ ኤድሪያን ሠዓሊ። ዝምድና የላቸውም።

ናቲ፦ ጋሼ፣ ስለ ዱም ይንገሩን።

መልስ፦ ስለ ዱም ምኑን? ለይተህ ጠይቅ።

ሳሚ፦ እኔ ግን አልቲማ አንደርወርልድ ተረስቷል ባይ ነኝ። ማርች 1992 ወጣ፤ ዎልፍንስታይን የመጣው ሜይ ላይ ነው። ቀና ብለህ ታያለህ፣ ተዳፋት አለው።

ዮናስ፦ እሱ አርፒጂ (ገጸ ባሕርይ ይዘህ ጀብዱ የምትኖርበት ጌም) ነው፣ ሌላ ዘር።

ሳሚ፦ ሞተሩን፣ ሥዕሉን የሚሠራውን ፕሮግራም ነው የማወራው!

መልስ፦ ሳሚ በሞተሩ እውነት አለው። ግን አንደርወርልድ ዝግ ይላል። የኢድ ልጆች ብዙ ነገር ትተው ፍጥነትን መረጡ፤ የተኩስ ጌም የሚኖረው ደግሞ በፍጥነት ነው።

ሀና፦ የካርማክ ባልደረባ የነበረው ጆን ሮሜሮስ ምን ሠራ? ሁሉም ስለ ካርማክ ብቻ ያወራል።

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ። የዱምን የመጀመሪያ ክፍል ካርታዎች አብዛኞቹን የሠራ እሱ ነው። ካርታ መሥሪያውን ፕሮግራምም በኔክስት ኮምፒውተር ላይ ጽፏል። ተጫዋቾች እርስ በርስ የሚገዳደሉበትን ጨዋታ «ዴዝማች» ብሎ ስም ያወጣለትም እሱ ነው። መሣሪያ የሚሠራ ሰው ሁልጊዜ ይረሳል፤ ያናድደኛል።

አቤል፦ ለላፕቶፔ የቱ ቪዲዮ ካርድ ይሻላል?

መልስ፦ የዛሬው ርዕስ አይደለም።

አቤል፦ እሺ። ዱም ሬይካስቲንግ ነው የሚል ቪዲዮ አይቼ ነበር።

መልስ፦ አይደለም። ለዮናስ የመለስኩትን አንብብ።

ዮናስ፦ ኮዱን ማየት ብፈልግ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ የዎልፍንስታይን ኮድ በ1995፣ የዱም በ1997 ለሕዝብ ተለቋል። ከዎልፍንስታይን ጀምር፤ ጨረሩ ሲገባህ ወደ ዱም ሂድና ቢኤስፒ የሚል ስም ያለውን ፋይል ክፈት። እዚያ ላይ ከተያዝክ መስመሩን ገልብጠህ አምጣልኝ፣ አብረን እናነበዋለን።