የአንባቢያን ጥያቄ፦ ክሽክሽን በአንቲባዮቲክ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሩዝ ካነሣሁ በኋላ በቀሪው እርጥበት ጓያ እዘራለሁ፤ ክሽክሽ ግን እየጨረሰብኝ ነው። «ሆዱ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ከሞተ ክሽክሹም አይዘልቅም» ሲባል ሰማሁ። ቴትራሳይክሊን ከፋርማሲ ገዝቼ በ16 ሊትሩ መርጫ በጥብጬ ብረጨው ይሠራል?
(ከፎገራ፣ ጣና ዳር)

መልስ፦ የሰሙት እውነት አለበት፤ ማሳ ላይ ግን አይሠራም፣ እባክዎ አይሞክሩት።

ክሽክሽ የሚመጠው የተክል ፈሳሽ ስኳር ይበዛበታል፤ ለዕድገት የሚያስፈልጉት አሚኖ አሲዶች ግን ያንሱታል። ጉድለቱን የሚሞላለት ቡክኔራ የሚባል ባክቴሪያ ነው። መኖሪያው ሆድ ሳይሆን በገላው ውስጥ ያሉ ልዩ ሕዋሳት ናቸው፤ እናቲቱም ለልጆቿ ታወርሰዋለች። በቤተ ሙከራ ገና የተወለዱ ክሽክሾችን ፓራፊልም በሚባል ቀጭን፣ የሚለጠጥ ሽፋን መሀል በታሸገ የስኳርና የአሚኖ አሲድ ድብልቅ ይመግባሉ፤ በአንድ ሚሊ ሊትር 50 ማይክሮ ግራም ክሎርቴትራሳይክሊን (የቴትራሳይክሊን ዓይነት) ይጨምሩበታል። ቡክኔራ ሲጠፋ ክሽክሹ ይቀጭጫል፣ መውለዱም ይቀንሳል ወይም ይቆማል። ቶሎ ግን አይሞትም፤ መምጠጡን ይቀጥላል።

ማሳ ላይ መድኃኒቱ የሚያርፈው ቅጠሉ ላይ ነው፤ ክሽክሹ ደግሞ መርፌ መሰል አፉን የተክሉ ፈሳሽ ወደሚያልፍበት የውስጥ ቧንቧ ሰድዶ ይመጥጣል፣ ስለዚህ በቂ መጠን አይደርሰውም። ቴትራሳይክሊንን ፀሐይም ያበላሸዋል። አፈር የገባው በጓያው ሥር እብጠቶች ናይትሮጅን የሚያዘጋጁትን ባክቴሪያዎች ሊጎዳ ይችላል። ከሁሉ የሚያሳስበን ግን መድኃኒቱን የለመዱ ጀርሞች ናቸው፤ ሰው ወይም ከብት ሲታመም መድኃኒቱ እንዳይሠራ ያደርጋሉ።

ይልቅ 80 ግራም ደረቅ የልብስ ሳሙና ፍቀው በሙቅ ውኃ ያሟሙ፣ በጨርቅ ያጥሉ (አለዚያ የመርጫው አፍ ይደፈናል)፣ 16 ሊትር ይሙሉት። ኦሞ አይጠቀሙ፣ ቅጠል ያቃጥላል። በጥቂት ተክሎች ላይ ሞክረው ሁለት ቀን ይጠብቁ። ካልጠወለጉ አመሻሽ ላይ የተክሉን ጫፍና የቅጠሉን የታች ገጽ አርሰው ይርጩ። ሳሙና የሚገድለው የነካውን ብቻ ስለሆነ፣ ከደረቀም ኃይል ስለሌለው፣ ከሳምንት በኋላ ይድገሙ።

ቀይ ባለ ነጥብ ጥንዚዛና እጮቿ ከበዙ ግን ጥቂት ቀን ይታገሡ፤ ክሽክሹን እነሱ ይበሉታል፣ ሳሙናው ደግሞ እጮቹንም ይገድላል። ከአቅም በላይ ከሆነ ለክሽክሽ የተፈቀደ ኬሚካል የቀበሌዎን የግብርና ባለሙያ ይጠይቁ፤ አበባ ላይ ከደረሰ ለንቦች ሲባል ቀን ላይ አይርጩ።