ፍሪጅ ውሃ ሲያፈስ፦ የማታው ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። «ፍሪጄ ውሃ ያፈሳል» የሚለው ጥያቄ ስለበዛ ዛሬ ማታ የምመልሰው በእሱ ላይ ብቻ ነው። አስቀድሜ ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ ምንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት ሶኬቱን ንቀሉ። ቴርሞስታቱን ዜሮ ላይ ማድረግ ኤሌክትሪክ ማቋረጥ አይደለም። ሁለተኛ፣ በረዶን በቢላም በካቻቢቴም አትፈልፍሉ። ስትጠይቁ ደግሞ የፍሪጁን ዓይነት ጻፉ። በረዶውን ራሱ የሚያቀልጥ ኖ ፍሮስት ነው ወይስ በረዶውን እናንተ የምታቀልጡት? ፍሪዘሩ ከላይ ነው ከታች? ውሃው መጀመሪያ የታየው የት ነው?

ጥያቄ ከአዳማ፦ ጋሼ እንደምን አመሹ። የእኔ ባለ ሁለት በር ኖ ፍሮስት ነው፣ ፍሪዘሩ ከላይ። በየሁለት ሦስት ቀኑ ከአትክልት መሳቢያው ሥር ውሃ ይጠራቀምና ወደ ወለሉ ይወርዳል። የፍሪዘሩ ወለል ላይም ወፍራም በረዶ ተጋግሯል። ያየው ሠራተኛ «ጋዝ አልቋል፣ ይሞላ» አለኝ። ማቀዝቀዙ ግን ምንም አልሆነም።

መልስ፦ ጥያቄ እንዲህ ሲሆን ደስ ይላል። ጋዝ አታስሞላ። ጋዙ ያለቀ ፍሪጅ አያቀዘቅዝም፤ ያንተ ያቀዘቅዛል። ጋዙ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ የሚዞር ነው፣ ውሃ ሆኖ አይፈስም። በአገልግሎት ብዛትም አያልቅም። ከጎደለ የሆነ ቦታ ቀዳዳ አለ ማለት ነው።

ውሃው ከየት እንደሚመጣ ልንገርህ። ኖ ፍሮስት ፍሪጅም በረዶ ይሠራል፤ ከዓይን ተሸሽጎ ነው እንጂ። ከፍሪዘሩ የኋላ ፕላስቲክ ጀርባ ኢቫፖሬተር የሚባል፣ ቅዝቃዜውን የሚሰጠው ጥምዝምዝ ቱቦ አለ። በር በተከፈተ ቁጥር የሚገባው እርጥበት እዚያ ላይ ውርጭ ሆኖ ይይዛል። ታይመሩ ወይም የኤሌክትሮኒክስ ቦርዱ ሰዓቱን ጠብቆ ሞተሩን ያቆምና በረዶ ማቅለጫውን ሂተር ያበራል። በታይመር የሚሠሩት ብዙዎቹ በየ8 ሰዓቱ ገደማ ያቀልጣሉ፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ። የቀለጠው ውሃ ከሥር ባለው አሸንዳ ይሰበሰባል። ከዚያ በመውረጃ ቀዳዳው ገብቶ በቱቦው ወርዶ ሞተሩ አጠገብ ያለው ሳህን ላይ ያርፋል። በሞተሩ ሙቀት ደግሞ ይተናል። ፍሪጁ ደህና ሲሆን ይህን ውሃ አታየውም።

ያንተ መውረጃ ቀዳዳ በበረዶ ተደፍኗል። ውሃው መውረጃ ሲያጣ አሸንዳውን ሞልቶ ወደ ፍሪዘሩ ወለል ይፈሳል፣ እዚያ ይረጋል፣ የተረፈው በአየር መተላለፊያው ወደ ታች ወርዶ መሳቢያህ ሥር ይገባል።

ሥራው ይኸው። ሶኬቱን ንቀል። ፍሪዘሩን ባዶ አድርገህ የኋላውን ፕላስቲክ የያዙትን ብሎኖች ፍታ። ከፕላስቲኩ ጋር የፋን ወይም የሴንሰር ሽቦ ሊኖር ስለሚችል አትጎትተው። ከኢቫፖሬተሩ ሥር አሸንዳውን ታያለህ፤ ቀዳዳው ብዙ ጊዜ መሀል ላይ ነው። ከፋርማሲ ትልቅ ስሪንጅ ግዛ፣ መርፌውን ጣለው። ለብ ያለ ውሃ እየሳብክ ቀዳዳው ላይ ቀስ እያልክ ልቀቅ። የፈላ ውሃ አይሆንም፣ ፕላስቲኩን ይሰነጥቀዋል። የሚመለሰውን ውሃ በጨርቅ እየመጠጥክ ቀጥል። መጀመሪያ ላይ ውሃው እዚያው ይቆማል። ትንሽ ቆይቶ ይዞራል፣ ከዚያ ድንገት ጉርር ብሎ ይወርዳል። አንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ጨምርና ከጀርባ ሳህኑ ላይ መድረሱን እይ። እዚያ ካልደረሰ ሥራው አላለቀም።

ከጎንደር አንድ አባል፦ ይህን ሁሉ ምን አስለፋ? ቀዳዳው ላይ ጨው መነስነስ ነው። በረዶውን ወዲያው ይበላዋል።

መልስ፦ በረዶውን ይበላዋል፣ ኢቫፖሬተሩንም ይበላዋል። አሉሚኒየም ነው። ጨው አይሆንም።

የጎንደሩ አባል፦ እኔ ለዓመታት አድርጌዋለሁ፣ ምንም አልሆነም።

ከደብረ ብርሃን አንድ አባል፦ ወንድሜ፣ እየደጋገምክ ከነሰነስክ እኮ ችግሩ አልተፈታም ማለት ነው። አንዴ ቢድን ኖሮ ሁለተኛ ባልፈለገ።

መልስ፦ የደብረ ብርሃኑ በትክክል ተናግሯል። የጨው ነገር እዚህ ላይ ይዘጋ። መውረጃውን ማጠብ የፈለገ ቤኪንግ ሶዳ ለብ ባለ ውሃ በጥብጦ ያውርድ።

ጥያቄ ከሐዋሳ፦ ፍሪጄ ውሃ ያፈሳል፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ዓይነቱ? የት ነው የሚያፈሰው? ከላይ ያለውን አንብብና ተመለስ።

ጥያቄ ከደሴ፦ ጋሼ፣ እኔ እርስዎ እንዳሉት በለብ ያለ ውሃ አቅልጬ ነበር። ደህና ሆኖ ቆየና ተመልሶ ደፈነ። እንደገና አቀለጥኩት፣ እንደገና ደፈነ። አሁንስ ሰለቸኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ስጠብቀው የነበረው ጥያቄ ይህ ነው። ብዙ ሠራተኛ በረዶውን አቅልጦ ገንዘቡን ተቀብሎ ይሄዳል። በረዶው ግን ውጤት ነው። ለምን ረጋ? ይህን ሳይመልሱ ፕላስቲኩን መልሶ ማሰር ሥራውን ግማሽ ላይ መተው ነው።

መጀመሪያ ቆሻሻ እዪ። የእንጀራ ፍርፋሪ፣ የፌስታል ቁራጭ፣ ከአሮጌ ማሸጊያ የተነሳ ስፖንጅ ቀዳዳው ጋር ይያዛል። ውሃው ቀስ ብሎ ሲወርድ እዚያው ለመርጋት ጊዜ ያገኛል።

ቀጥሎ የቱቦውን ጫፍ እዪ። ከሞተሩ በላይ ቱቦው የሚያልቅበት ቦታ ላይ ብዙ ፍሪጆች አፏ ጠበብ ያለች ጎማ አላቸው። ውሃ ታስወጣለች፣ ከሞተሩ በኩል ያለው ሞቃት አየር ግን እንዳይገባ ትከለክላለች። በዝቃጭ ከተጣበቀች ውሃው ከላይዋ ይቆማል። አንዳንዱ ሠራተኛ ደግሞ «ይህቺ ናት የምትዘጋው» ብሎ ይነቅላትና ይጥላታል። ያኔ እርጥብ አየር በቱቦው ወጥቶ ቀዳዳው ጋር ሲደርስ በረዶ ይሆናል። ጎማዋን አጥባችሁ መልሱ፣ አትጣሏት።

ሦስተኛውና ዋናው ሙቀቱ ነው። ሂተሩ ኢቫፖሬተሩን ያሞቃል፣ ቀዳዳው ግን ከሂተሩ ዝቅ ብሎ ነው ያለው። ስለዚህ ፋብሪካው ብዙ ጊዜ ከሂተሩ ላይ ተነስታ ቀዳዳው ውስጥ የምትገባ ትንሽ የብረት ምላስ ያደርጋል። ቦታዋን ከሳተች ወይም ቀድሞ የሠራው ሰው ሳይመልሳት ከቀረ ቀዳዳው ሙቀት አያገኝም። መፍትሔው ርካሽ ነው። ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር አንድ ወጥ የመዳብ ሽቦ ፈልጉ፣ ፕላስቲኩን ሙሉ በሙሉ ላጡት። አንዱን ጫፍ ከቀዳዳው በላይ ባለው የሂተሩ ብረት ላይ ሁለት ጊዜ ጠምጥሙ። ሌላውን ጫፍ ቀዳዳው ውስጥ 5 ሴንቲሜትር ያህል አውርዱ። ሽቦው የሂተሩን የኤሌክትሪክ መገናኛ ፈጽሞ እንዳይነካ። ቀዳዳውንም እንዳይሞላው፣ ውሃው በጎኑ ማለፍ አለበት። ሂተራችሁ የመስታወት ከሆነ አትጠምጥሙ፣ ይሰበራል፤ ለባለሙያ ተዉት።

ጥያቄ ከጅማ፦ የእኔ ግን ወለሉ ላይ ሳይሆን የኋላው ፕላስቲክ ሁሉ በውርጭ ተሸፍኗል፣ ታችኛው ክፍልም ማቀዝቀዝ ትቷል። ሽቦውን ላድርግ?

መልስ፦ አይ። ያ ሌላ በሽታ ነው። ያንተ ጨርሶ አያቀልጥም። ሂተሩን፣ ሴንሰሩን፣ ፊውዙን፣ ታይመሩን በቴስተር የሚለካ ሰው ጥራ።

ጥያቄ ከአዲስ አበባ፦ እርስዎ የእንጀራ ፍርፋሪ ሲሉ ደነገጥኩ። እኔ እንጀራ ሁልጊዜ ፍሪጅ ውስጥ ነው የማስቀምጠው። ላቁም?

ከባህር ዳር አንድ አባል፦ እንጀራ ፍሪጅ ሲገባ ይደርቃል፣ ጣዕሙም ይጠፋል። መሶብ እያለ ፍሪጅ ምን ሊሠራ?

ከሜሪላንድ አንዲት አባል፦ መሶቡ ለእናንተ ይሁን፤ እኛ በሳምንት አንዴ ነው የምንገዛው። ፍሪዘር ባይኖር እንጀራ አንበላም ነበር።

የባህር ዳሩ አባል፦ ፍሪዘር ውስጥ የገባ እንጀራ ዓይኑ ይጠፋል እኮ።

የሜሪላንዷ አባል፦ ትኩሱን ከነላቡ ስትከተው ነው። በርዶ፣ አየር በማያስገባ ፌስታል ተጠቅልሎ ከገባ ምንም አይሆንም።

መልስ፦ ወደ ጉዳያችን እንመለስ። እንጀራ አስቀምጡ፣ ግን ተጠቅልሎ ይሁን፣ ከኋላው ግድግዳም አይለጠፍ። ትኩስ ወጥም እንደዚያው። ክዳን ከሌለው እንፋሎቱ ሁሉ ውርጭ ይሆናል።

የሜሪላንዷ አባል፦ ይቅርታ፣ የራሴን ጥያቄ ረስቼ። ፍሪዘሩ ከታች የሆነ፣ ከላይ ሁለት በር ያለው ነው። የታችኛው መሳቢያ በበረዶ ተይዞ አልከፈትም ይላል፣ ከፊት ለፊትም ውሃ ይወጣል።

መልስ፦ ያው ነው። መሳቢያው የተያዘው ከሥሩ በተጋገረው በረዶ ነው። ሶኬቱን ነቅለሽ በሮቹን ከፍተሽ ለቀቅ እስኪል ጠብቂ፣ በኃይል አትጎትቺ፣ ሐዲዱ ይጣመማል። ከዚያ በእናንተ አገር በዚህ ዓይነት ፍሪጅ ላይ መጀመሪያ የምትጠረጠረው ያቺ የቱቦ ጫፍ ጎማ ናት። ፍሪጁን ከግድግዳው አርቀሽ፣ ከጀርባ ታችኛውን ሽፋን ፈትተሽ አውጥተሽ እጠቢያት።

ጥያቄ ከወልቂጤ፦ የእኔ ባለ አንድ በር ትንሽ ፍሪጅ ነው፣ ኖ ፍሮስት አይደለም። ታች መሳቢያው ሥር ውሃ ይቆማል።

መልስ፦ ከኋላው ግድግዳ ታች፣ ጠብታው በሚሰበሰብበት ቦታ ቀዳዳ አለ። ብዙውን ጊዜ የሚደፍነው በረዶ ሳይሆን የጎመን ቅጠልና የሽንኩርት ልጣጭ ነው። ከፍሪጁ ጋር የመጣች የፕላስቲክ ዘንግ አለች፣ ለዚህ ናት። ከጠፋች ለስላሳ የፕላስቲክ ቱቦ አስገብተህ ለብ ያለ ውሃ ልቀቅ።

ጥያቄ ከአዲስ አበባ፦ ከፋሲካ በኋላ ነው የጀመረው። የቅርጫውን ሥጋ በፌስታል በፌስታል አድርገን ፍሪዘሩን ሞላነው።

መልስ፦ እስከ ኋላው ፕላስቲክ ድረስ ሞልታችሁት ይሆናል። አየር የሚወጣበትና የሚመለስበት ቀዳዳ ሲዘጋ ቅዝቃዜው በትክክል አይዞርም፣ በሩም በደንብ አይገጥም። ትንሽ የተከፈተ በር ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ እርጥበት ያስገባል። ሥጋውን ከግድግዳው አራት ጣት ያህል አርቁ። ከዚያ የበሩን ጎማ ፈትኑ። ወረቀት አስገብታችሁ በሩን ዝጉና ሳቡት። ሳይይዝ ከወጣ ጎማው እዚያ ቦታ አይዘጋም። ካጠባችሁት በኋላም ካልያዘ ይቀየር።

ጥያቄ ከመቀሌ፦ መብራት ቶሎ ቶሎ መጥፋቱ ያመጣዋል?

መልስ፦ ያግዘዋል። መብራት ሲጠፋ በረዶው በከፊል ይቀልጣል፣ ሲመለስ ቱቦው ውስጥ የደረሰው ሳይወርድ ይረጋል። አንዳንዱ ቦርድ ደግሞ መብራት በጠፋ ቁጥር የማቅለጫ ሰዓቱን እንደ አዲስ ይጀምራል፣ ስለዚህ ማቅለጡ ይዘገያል። መብራት እንደመጣ ወዲያው አትሰኩት፤ ቢያንስ 5 ደቂቃ ይቆይ፣ ለሞተሩ ነው።

ጥያቄ ከመቀሌ፦ የትኛው ስታቢላይዘር ጥሩ ነው?

መልስ፦ የዛሬው ጉዳይ አይደለም።

ጥያቄ ከአርባ ምንጭ፦ በረዶውን በቢላ ስፈነቅል «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አሁን ሞተሩ ይሠራል፣ አያቀዘቅዝም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስንት ጊዜ ልበለው? ኢቫፖሬተሩን በስተሃል፣ ጋዙ ወጥቷል። ለሌሎቻችሁም ይሁን፣ ልብ ብላችሁ አንብቡ። ከፍሪጁ ጀርባ ያለውን ጽሑፍ እዩ። አር 600 ኤ የሚል ከሆነ ጋዙ የሚቀጣጠል ነው። አዳዲሶቹ የቤት ፍሪጆች ብዙዎቹ ይህ ነው ያላቸው። ድምፁን ከሰማችሁ መስኮትና በር ክፈቱ። የቡና ከሰልም ሆነ ምድጃ ካለ አጥፉ ወይም አውጡ። ቤቱ በደንብ እስኪናፈስ ማብሪያ ማጥፊያ አትንኩ፣ ሶኬት አትሰኩ፣ አትንቀሉ። አሁን የምትጠራው ሰው በዚህ ጋዝ መሥራት የሚያውቅ መሆኑን ጠይቅ። አር 134 ኤ የሚባለውን ሌላ ጋዝ ሞልቼ እሄዳለሁ የሚልህን አታሠራ፤ ሞተሩም የዘይቱም ዓይነት ሌላ ነው።

ጥያቄ ከነቀምቴ፦ ስንት ብር ያስከፍላል?

መልስ፦ ዋጋ አልናገርም። ስሪንጁንና ሽቦውን ራስህ መግዛት ትችላለህ።

ጥያቄ ከጅዳ፦ ውሃው የሚታየው ከፍሪጁ ውጭ፣ በሩ ዙሪያ ነው። ውስጡ ደረቅ ነው።

መልስ፦ እሱ የባሕር ዳርቻው እርጥበት ነው፣ ከውጭ ያልባል። ጎማውን በወረቀቱ ፈትኚ። ጎማው ደህና ከሆነ በጨርቅ ማድረቅ ብቻ ነው።

ጥያቄ ከሐዋሳ፦ ተመለስኩ ጋሼ። ኖ ፍሮስት ነው፣ ፍሪዘሩ ከላይ። ውስጡ ውሃም የተጋገረ በረዶም የለውም። ውሃው ከጀርባ ነው ወለሉ ላይ የሚገኘው። ከባለ ጎማ ስታንድ ላይ ካወጣነው ወዲህ ነው።

መልስ፦ አሁን ገባኝ። ያንተ መውረጃው ደህና ነው። ሳህኑ ተሰንጥቋል፣ ወይም ስታነሱት ከቦታው ሸሽቶ ቱቦው ከጎኑ ያንጠባጥባል። ሶኬቱን ንቀል፣ ጀርባውን አዙር፣ ሳህኑን ከቱቦው ሥር መልሰው። ስንጥቅ ካለው ቀይረው። እስክታገኝ ድረስ ሙቀት የሚችል ሲሊኮን ቀባው፣ አንድ ቀን ይድረቅ። ፍሪጁን ስታቆመው የፊት እግሮቹን ትንሽ ከፍ አድርግ፣ በሩም በራሱ ይዘጋል።