ኳስ ሳይነካ ኳስ ተጫዋች?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የምጽፈው ከጎንደር፣ አዘዞ ነው። የእህቴ ልጅ አሜሪካ ነው ያደገው፣ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ነው። የአሜሪካን ፉትቦል ይጫወታል፤ «ዲፌንሲቭ ላይንማን ነኝ» ይለኛል። ቪዲዮ ልኮልኝ ከጎረቤት ልጆች ጋር አየነው። ኳሷን አንዴ እንኳ አልነካም! ይጋፋል፣ ይወድቃል፣ ይነሳል። አሁን ደግሞ አንድ ኮሌጅ በነፃ ሊያስተምረው ነው አሉ። እናቱ ደስ ብሏታል፣ እኔ ግን ግራ ገባኝ። ይሄ ሥራ ነው? እስከ ስንት ዓመቱስ ይጋፋል?

መልስ፦ እህቴ፣ በደንብ ነው ያዩት። ሥራው መጋፋት ነው።

ኳሷን የሚወረውረው ኳርተርባክ ይባላል፤ ከፊቱ አምስት ግዙፍ ሰዎች ይቆሙለታል። የእርስዎ ልጅ እነሱን አልፎ፣ ኳሷ ሳትወረወር ሰውየውን መጣል አለበት። ይሄ «ሳክ» ነው። ለጥምቀት ታቦት ሲወርድ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሕዝቡን የሚያግዱትን ወጣቶች ያስቡ። ታቦቱ ይቅር ይበለኝና፣ በነሱ መሃል ሰብሮ የሚያልፈው እሱ ነው፣ ያውም በሁለት ሦስት ሰከንድ።

ቪዲዮውን መልሰው ሲያዩት ኳሷን ይተዉና እጁን ይዩ። መጀመሪያ መሬት ነክቶ ያጎነብሳል፣ ኳሷ ስትነቃነቅ ይፈነጠራል፣ ከዚያ ደረቱ ላይ ያረፈውን የባላጋራውን እጅ መትቶ ያስለቅቃል። ሁለት ሰው ተጋግዞ ከያዘውም አልተሸነፈም፤ ጓደኛው ባዶ መንገድ አገኘ ማለት ነው። ይሄ ግን እንደ ሳክ አይቆጠርለትም።

ዕድሜውን በተመለከተ፣ ብሩስ ስሚዝ የሚባለው ከ1985 እስከ 2003 እ.ኤ.አ. 19 የውድድር ዘመን ተጫውቶ 200 ሳክ ይዞ ወጥቷል፣ እስከ ዛሬም ሪከርዱ የሱ ነው። በሱ አይለኩት ግን። አሮን ዶናልድ እንኳ፣ ሦስት ጊዜ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ የተባለው፣ 10 የውድድር ዘመን ተጫውቶ በ32 ዓመቱ በቃኝ አለ። ብዙዎቹ ከዚያም በጣም ያነሰ ነው የሚቆዩት፤ ጉልበት ወይ ትከሻ ይሄዳል፣ ክለቡ ወጣት ያመጣል። የኮንትራቱ ገንዘብም ብዙ ጊዜ ሙሉ ዋስትና የለውም፤ ሚሊዮን ተብሎ የተጻፈው ሁሉ ኪስ አይገባም።

ዕድል የለውም እያልኩ አይደለም። ጋናዊው ኢዚኬል አንሳ (በኛ ሕዝቅኤል ነው) ኮሌጅ የገባው ቅርጫት ኳስ ሊጫወት አስቦ ነበር፣ አልተሳካለትም። ፉትቦል የጀመረው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው፤ በ2013 እ.ኤ.አ. ዲትሮይት ላየንስ የሚባለው የፕሮፌሽናል ክለብ ከዚያ ዓመት አዲስ ተመራጮች ሁሉ አምስተኛ አድርጎ መረጠው። እንዲህ ያለ ታሪክ ስሰማ እኔም ልቤ ይሞቃል። ግን ከኮሌጅ ተጫዋቾች ፕሮፌሽናል የሚሆኑት ከመቶ ሁለት አይሞሉም።

ስለዚህ ለኔ ትልቁ ነገር ሳኩ ሳይሆን ነፃ ትምህርቱ ነው። ስልክ ሲደውል ስንት ሰው ጣልክ ብለው አይጠይቁት፣ ምን ልታጠና ነው ይበሉት። ጭንቅላቱን ተመትቶ ከዞረበትም ከአሰልጣኙ እንዳይደብቅ ይምከሩት፤ ልጆች ቦታቸውን ላለማጣት ይደብቃሉ። እናቱ ደግሞ ከመፈረሟ በፊት ሁለት ነገር ትጠይቅ፦ ስኮላርሺፑ የአንድ ዓመት ነው ወይስ የአራት? ጉልበቱ ቢጎዳና መጫወት ባይችልስ ይቀጥላል?